ብቻዎን ድንኳን ጭነው ከአዲስ አበባ ሲወጡ፦ ሱባ፣ ደብረ ሊባኖስ፣ አዳዲ ማርያም ወይስ ወንጪ?

መኪና መንዳት፣ በእግር መጓዝ፣ ድንኳን ውስጥ ማደርና ዋሻ ማየት፦ አራቱም ከአዲስ አበባ ዳርቻ ተነስቶ በአንድ ቅዳሜና እሑድ የሚያልቁ ነገሮች ናቸው። ችግሩ አራቱንም አሟልቶ የሚሰጥ አንድ ቦታ አለመኖሩ ነው። አንዱ ጥሩ ማደሪያ ኖሮት ዋሻ የለውም፤ ሌላው ዋሻ ኖሮት ድንኳን የሚተከልበት አጥር ግቢ የለውም። ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው «ምን አያለሁ?» ብሎ ነው። በቡድን ለሚሄድ ይህ ያስኬዳል። ብቻውን የሚሄድ ሰው ግን መጀመሪያ «የት አድራለሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ዋሻና ተራራ ቀን ታይተው ያበቃሉ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለውን አሥራ አንድ ሰዓት ግን ለብቻ የሚያሳልፉት እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ነው።

ከሁሉም በፊት የጸጥታው ጉዳይ አለ። ከከተማዋ በሚወጡት መንገዶች ላይ ያለው ሁኔታ ከወር ወር ይለዋወጣል፤ ባለፈው ዓመት የሄደ ሰው የነገረዎት ለዚህ ሳምንት አይሠራም። በሚሄዱበት ሳምንት ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለሚያድሩበት ቦታ ደውለው «ሰው እየመጣ ነው? ማታስ ያድራል?» ብለው ሁለቱን ለየብቻ ይጠይቁ። ለመጀመሪያው «አዎ»፣ ለሁለተኛው «አይ» የሚል መልስ ከመጣ ድንኳኑን ቤት ትተው የቀን ጉዞ ያድርጉት። በጨለማ መንዳት በአራቱም መስመር አይመከርም። ለጸጥታው ብቻ ሳይሆን መብራት ለሌላቸው ጋሪዎች፣ መንገድ ላይ ለሚተኙ ከብቶችና ያለ ምልክት ለቆሙ የጭነት መኪኖች ሲባልም ነው።

መናገሻ ሱባ፦ ማደሪያው የተሻለ፣ ዋሻ የሌለው

ከከተማዋ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለ ጥንታዊ ደን ነው። በሆለታ በኩልም በሰበታ በኩልም ይገባል፤ እንደሚነሱበት ሰፈር ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባውና ኮሶው ዛሬም አለ፤ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላም ይታያል። የወጨጫ ጫፍ 3,385 ሜትር ነው።

ለብቸኛ ተጓዥ ሱባን የሚያስመርጠው ደኑ ጠባቂና መግቢያ በር ያለው መሆኑ ነው። ስምዎ ይመዘገባል፣ መኪናዎ የት እንደቆመ ሰው ያውቃል፣ ድንኳን የሚተከልበትም የተለየ ቦታ አለው። መታወቂያ ወይም ፋይዳ ይያዙ። እሳት የት እንደተፈቀደ በሩ ላይ ይጠይቁ፤ የደረቀ የጽድ ቅርፊት እንደ ወረቀት ነው የሚቀጣጠለው።

ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። የመጨረሻው ክፍል አስፋልት አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃው ዝቅ ያለ መኪና አያሳልፍም፤ ዝናቡ ካቆመም በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ፀሐይ ያስፈልገዋል። በጥቅምት አጋማሽና ከዚያ በኋላ ተጠንቅቆ ለሚነዳ ሰው ቪትዝም ትገባለች፤ በየጉድጓዱ ቀድሞ ወርዶ ማየት ለማይሰለቸው ሰው ማለት ነው።

ደብረ ሊባኖስ፦ ገደሉም ዋሻውም በአንድ ቦታ

በሱሉልታ፣ ጫንጮና ሙከ ጡሪ አድርጎ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፍቼ ሳይደርሱ ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። አስፋልቱ እስከ ገዳሙ ስለሚያደርስ መኪና አይመርጥም። ገዳሙን በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ ጻድቁ የጸለዩበት ዋሻ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ በገደሉ ላይ ይገኛል፣ ጠበልም አለው። ከመታጠፊያው ብዙም ሳይርቅ የፖርቱጋል ድልድይ የሚባለው የድንጋይ ድልድይ አለ። ስሙ ያሳስት እንጂ የራስ ዳርጌ ዘመን ሥራ ነው፤ ፖርቱጋሎቹ ከወጡ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተሠራ። አፋፉ ላይ የጭላዳ መንጋ ይውላል።

ዋሻው የጸሎት ቦታ እንጂ የጉብኝት ዋሻ አይደለም። ጫማ ይወልቃል፣ ወለሉ እርጥብ ነው፣ ብርሃኑ ጥቂት ነው። ሴቶች ረጅም ቀሚስና ነጠላ፣ ወንዶች ረጅም ሱሪ ይልበሱ። ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ያስፈቅዱ። ነሐሴ 24፣ ታኅሣሥ 24 እና ግንቦት 12 ታላላቅ በዓላት ስለሆኑ መንገዱ ራሱ በምእመናን ይሞላል፤ በየወሩ 24 ቀንም ሰው ይበዛል። ለመሳለም ከሆነ እነዚህን ቀናት ይምረጡ፣ ለእግር ጉዞ ከሆነ ይሽሿቸው።

ማደሪያውን በተመለከተ፣ ድንኳን በገዳሙ ግቢ ውስጥ አይተከልም። ገደሉ አፋፍ ላይ መትከልም የፎቶ ምርጫ እንጂ የእንቅልፍ ምርጫ አይደለም፦ ሌሊት ነፋሱ ከሸለቆው ወደ ላይ ይነሳል፣ ጠዋት ደግሞ ጦጣና ጭላዳ ከምግብዎ ጋር ይተዋወቃሉ። መታጠፊያው አካባቢ ያሉ የእንግዳ ማረፊያዎችን ቀድመው ደውለው «ግቢያችሁ ውስጥ ድንኳን ልትከል?» ብለው ይጠይቁ። እሺ ካሉ ዘበኛና መጸዳጃ አገኙ ማለት ነው።

አዳዲ ማርያም፦ ዋሻው የበለጠ፣ ሌሊቱ የሌለው

በዓለም ገና ወደ ቡታጅራ መንገድ ይታጠፋሉ። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጥሬ አለ፤ በ2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የድንጋይ ዘመን ቦታ ነው። ከዚያ አልፎ ወደ ምዕራብ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ በጥርጊያ መንገድ ሲገቡ አዳዲ ማርያምን ያገኛሉ። እንደ ላሊበላዎቹ ከአንድ አለት ተፈልፍላ የወጣች ናት፤ ጣራዋ ከመሬቱ ጋር እኩል ስለሆነ ከሩቅ አትታይም። በዋናው መንገድ ወደፊት ከቀጠሉ ደግሞ 36 ትክል ድንጋዮች ያሉበትና በ1980 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ የተመዘገበው ጢያ አለ፤ ከመንገዱ ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነው።

የተፈለፈለ አለት ውስጥ ለመግባት ለሚፈልግ ሰው ከአዲስ አበባ አካባቢ አዳዲን የሚተካ የለም። ግን የካምፕ ቦታ የላትም፣ ሜዳው ክፍት ነው፣ የአካባቢው መረሬ አፈርም ለድንኳንም ለጎማም አይመችም። ሲደርቅ ይሰነጠቅና ካስማው ሳይያዝ ይወጣል፤ አንድ ዝናብ ሲያገኘው ጎማው ላይ ተጠቅልሎ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪናን እንኳ ያቆማል። ስለዚህ አዳዲ የቀን ጉዞ ናት።

ቁልፍ የሚይዘው ካህን ሁልጊዜ እዚያው አይገኝም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም በወሩ 21 ቀን መድረስ ከመጠበቅ ያድናል። ጫማ አውልቀው ምንጣፍ ላይ ስለሚቆሙ ወፍራም ካልሲ ያድርጉ፤ ቁንጫ አለ።

ወንጪ በአጭሩ

155 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ በአምቦም በወሊሶም ይኬዳል። በእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ሐይቅ፣ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም፣ ጀልባና ፈረስ አለ። በገበታ ለሀገር ከተሠራ ወዲህ መንገዱም መስተንግዶውም ተሻሽሏል። ከውበት አንጻር ከአራቱ የሚወዳደረው የለም፤ ለአንድ ሌሊት ግን ርቀቱ ይበዛል፣ ብርዱም ይከብዳል፣ ዋሻም የለውም። ሦስት ቀን ካለዎት ይምረጡት።

እግሩ ሲደክም አቀበቱ የት ነው?

በካርታ ላይ የማይታይ ነገር ግን የእግር ጉዞውን ከባድ ወይም ቀላል የሚያደርገው ይህ ነው። ሱባ ላይ ጠዋት ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ሲደክምዎ ዞረው ቁልቁል ይመለሳሉ። ደብረ ሊባኖስና ወንጪ ግን ተገላቢጦሽ ናቸው፦ ትኩስ ጉልበት ይዘው ይወርዳሉ፣ ውሃዎ ሲያልቅና ፀሐይዋ ስትጠነክር ዳገቱ ይጀምራል። ሰው ሲወርድ ስለሚቀለው ካሰበው በላይ ይወርዳል። ለዚህ ነው ከአፋፍ ለሚጀምር ጉዞ ቀላል ሕግ የሚያስፈልገው፦ ለመውረድ የፈጀብዎትን ጊዜ በሁለት ያባዙና ለመውጫ ያ ያህል ይመድቡ። 3 ሰዓት ላይ መውረድ ጀምረው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ታች ከደረሱ፣ ወዲያው ቢነሱ እንኳ ላይ የሚደርሱት 7 ሰዓት ተኩል ነው። የአንድ ቀን ጉዞ ውሃ ሦስት ሊትር ነው፤ ከዚያ አንዱን ሊትር ለአቀበቱ ሳይነኩ ያቆዩ።

ብቻዎን ሲሆኑ የአካባቢ አስጎብኚ መቅጠር ቅንጦት አይደለም። ቁርጭምጭሚት ቢዞር ስልክ ከማይሠራበት ሸለቆ ወጥቶ ሰው የሚጠራልዎ እሱ ነው። ዋጋውን ከመነሳትዎ በፊት ይቁረጡ፤ የሰዓት ነው ወይስ የቀን የሚለውንም እንዲሁ።

ሌሊቱ

ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይወርዳል። ቦሌ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ ሌሊቱ 8 ዲግሪ ከሆነ 3,000 ሜትር ላይ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ደግሞ ሜዳና ጎድጓዳ ቦታ ላይ ውርጭ ይወርዳል፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈስሳል። ድንኳንዎን ከጎድጓዳው ግርጌ አሥር ሜትር ብቻ ከፍ አድርገው ቢተክሉ ልዩነቱ ይታወቅዎታል። ከትልቅ ባሕር ዛፍ ወይም ካረጀ ጽድ ሥር አይትከሉ፤ ደረቅ ቅርንጫፍ ያለ ነፋስም ይወድቃል።

ለብቻ ተጓዥ የሁለት ሰው ድንኳን ይበቃል፤ የአንድ ሰው ቦርሳውን አያስገባም። የዝናብ መከላከያው እስከ መሬት የሚደርስ መሆኑን ይዩ። ገበያ ላይ የሚገኙት ብዙዎቹ ርካሽ ድንኳኖች ላይኛው ጫፍ ላይ ብቻ ቆብ የሚያደርጉ ናቸው፤ ለሶደሬ እንጂ ለወጨጫ አይሆኑም። አብረዋቸው የሚሸጡት ቀጫጭን ካስማዎች ድንጋያማ መሬት ላይ ይጣመማሉ፤ ብረታ ብረት ቤት ስምንት ሚሊ ሜትር ፌሮ በ25 ሴንቲ ሜትር አስቆርጠው ጫፉን ያስጎብጡ። ስምንት ፍሬ ይበቃል።

ብርድ የሚገባው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሬቱም ነው። ሁለት ብርድ ልብስ ከላይ ደርቦ ከሥር ምንም ያላነጠፈ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ የብርድ ልብሱ የተኙበት ክፍል ሲጫን አየር ስለማይዝ አያሞቅም። አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ በቁመትዎ ያስቆርጡ፣ ከሥሩ ላስቲክ ያንጥፉ። ስሊፒንግ ባግ ሲገዙ ቦርሳው ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዝቅተኛ ዲግሪ ሳይሆን «ምቹ» (Comfort) የሚለውን ቁጥር ያንብቡ። ጋቢ ድንቅ ነው፣ እስካልረጠበ ድረስ፤ ጥጥ አንዴ ከራሰ ሌሊት አይደርቅም።

አሁን አንድ ጥብቅ ነገር፦ ከሰል ድንኳን ውስጥ ወይም መኪና ውስጥ አይገባም። ፍም ሆኖ ጭሱ ሲጠፋ «አሁንስ በስሏል» ተብሎ የሚገባው ከሰል ነው የሚገድለው። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እንቅልፍ እንደመጣ ያህል ይጥላል። ብቻውን ያለ ሰው የሚቀሰቅሰው የለም።

ለማብሰያ ቆርቆሮ ጋዝ የሚገባበት ትንሽ ምድጃ ቀላሉ ነው። ቆርቆሮው ንጹሕ ቡቴን ከሆነ ግን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ጋዝ መስጠት ያቆማል፤ ጠዋት «አለቀ» ብለው የሚጥሉት ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ ቀዝቅዞ ነው። ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ይዘውት ይደሩ። 3,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ባቄላና ምስር ጋዝ ይጨርሳሉ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጩኮ ምድጃ አይጠይቁም፤ ትኩስ ነገር ካማረዎት የተዘጋጀ ሽሮ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ምግቡን መኪና ውስጥ ቆልፈው ይደሩ። ጅብ የሚመጣው ለእርስዎ አይደለም፣ ለቆዳ ጫማዎና ለሥጋው ሽታ ነው፤ ጫማዎን ውጭ አያሳድሩ።

ዋሻ ስንል

አዲስ አበባ ዙሪያ ያለው መሬት ከእሳተ ገሞራ የተሠራ ነው። ረጃጅም የተፈጥሮ ዋሻዎች የሚፈጠሩት ደግሞ ውሃ የኖራ ድንጋይን ሲያሟሟ ነው፤ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንደዚያ አይሟሟም። ስለዚህ ከተማዋ አጠገብ የሚያገኙት ወይ በእጅ የተፈለፈለ ነው፣ ወይ በገደል ሥር ያለ ጥልቀት የሌለው መጠለያ። እንደ ሶፍ ዑመር ያለ ነገር ጠብቆ አዳዲ የሄደ ሰው ያዝናል፤ እንደ ላሊበላ ጠብቆ የሄደ ግን ይደሰታል።

ሶፍ ዑመር ራሱ ባሌ ነው፣ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ። 15.1 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፣ የወይብ ወንዝ በውስጡ ያልፋል። የሚገባበት በበጋ ብቻ ነው፤ ዋሻው አካባቢ ፀሐይ ቢሆንም ራቅ ብሎ የጣለ ዝናብ ወንዙን ይሞላዋል። ለዚያ ጉዞ አምስት ቀን፣ አስጎብኚና ቢያንስ አንድ ጓደኛ ይመድቡ፤ የወንዝ ዋሻ ውስጥ ለብቻ አይገባም።

ለመለማመድ ከተማው ጫፍ ላይ፣ የካ ተራራ ጀርባ ያለው ዋሻ ሚካኤል አለ። ጣራው የፈረሰ ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በእግር ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን አይፈጅም። የባሕር ዛፉ ጫካ ለብቻ መንገደኛ ስለማይታመን ከምእመናን ጋር በሰንበት ይሂዱ።

የትኛውም ዋሻ ሲገባ የስልክ መብራት መብራት አይባልም፤ ባትሪው ሲያልቅ መደወያዎም አብሮ ያልቃል። ግንባር ላይ የሚታሰር አንድ፣ ኪስ ውስጥ አንድ፣ ከትርፍ የባትሪ ድንጋይ ጋር ይያዙ። የሌሊት ወፍ ኩስ የተከመረበት ደረቅ ክፍል ከሆነ አቧራውን ሳያስነሱ ይውጡ፤ ሳንባ የሚያሳምም ፈንገስ ሊኖረው ይችላል።

መኪናው

ለደብረ ሊባኖስና ለወንጪ ትንሽ የቤት መኪና ይበቃል። ለሱባ ከፍ ያለ መኪና ይሻላል። የኤሌክትሪክ መኪና ካለዎት ደብረ ሊባኖስ ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር መሆኑን ያስታውሱ፤ ባትሪው በወረቀት 300 ቢልም የእንጦጦ አቀበት፣ የጠዋት ብርድና ጭነቱ ይቀንሱታል። ከከተማ ውጭ ቻርጅ ማድረጊያ አገኛለሁ ብለው አይውጡ፤ ለመመለሻ ከሚያስፈልገው ላይ ሩብ ያህል ትርፍ ካልቀረ ሱባን ይምረጡ።

ቤንዚን ከሆነ ከከተማ ሳይወጡ ይሙሉ። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ስለሆነ ገጠር ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ነዳጅ እያለም አይቀዱም። ስኮርታ ጎማው አየር እንዳለው፣ ክሪኩና የጎማ መፍቻው መኖራቸውን ከመነሳትዎ በፊት ቤት ላይ አንድ ጊዜ ጎማ ፈትተው ይፈትሹ። ጎማ ቤት በማሽን ያሰረውን ብሎን በእጅ መፍታት የማይቻልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ መፍቻው ላይ የሚሰካ አንድ ሜትር ቱቦ ያድናል። ቁልቁለት ላይ በፍሬን ብቻ አይውረዱ፤ የወጡበትን ማርሽ አስገብተው ይውረዱበት።

ለሚተማመኑበት ሰው የመኪናውን ታርጋ፣ የሚያድሩበትን ቦታና አንድ ቁርጥ ሰዓት ይንገሩ፦ «እሑድ ማታ 1 ሰዓት ድረስ ካልደወልኩ ለበሩ ጠባቂ ደውል»። የጠባቂውን ስልክ አብረው ይስጡት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ታዲያ የቱን?

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ለሚወጡ ሱባንና አዳዲን ማጣመር ይሻላል፤ ሁለቱም በሰበታ በኩል ስለሚገናኙ ወደ መሐል ከተማ መመለስ አያስፈልግም። ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት ይነሱ፣ 3 ሰዓት ላይ ድንኳኑን ተክለው ወደ ወጨጫ ይውጡ፣ የትም ቢደርሱ 7 ሰዓት ላይ ይዙሩ። እሑድ ድንኳኑ ጤዛው ሲደርቅለት አጣጥፈው በሰበታ ወጥተው ዓለም ገና ላይ ወደ ቡታጅራ ይታጠፉ፤ አዳዲ ሲደርሱ ቅዳሴው አብቅቷል። ጢያን የሚጨምሩት ከአዳዲ እስከ 7 ሰዓት ከወጡ ብቻ ነው።

ሱባ ላይ ማደር እንደማይቻል ከተነገረዎት፣ ወይም መኪናዎ ዝቅ ያለ ሆኖ ገና ጥቅምት መጀመሪያ ከሆነ፣ ደብረ ሊባኖስ ሁለተኛው ምርጫ ነው፤ ማረፊያው ግቢ ውስጥ መትከል ከፈቀደ ብቻ። ካልፈቀደ አልጋ ይያዙ፤ ድንኳኑ መኪናው ውስጥ ቢያድር ምንም አይለውም። እሑድ ሲመለሱ በቡታጅራም ሆነ በሱሉልታ መስመር ከ10 ሰዓት በፊት ከተማው ጫፍ ይድረሱ፤ ከዚያ በኋላ የሚገባው የጭነት መኪና ሰልፍ ዓለም ገና ላይ ብቻ አንድ ሰዓት ሊያቆምዎ ይችላል።